የዳማ ገመድ

መኪናዋን የምገዛው እኔ። ሁለት በሬና የሁለት ዓመት በርበሬ ሸጬ ብሩን በመቀነቴ ቋጥሬ የመጣሁት እኔ። ውሉ የሚነበበው ግን ለአማቼ!

ነገሩ ቡሬ ላይ ነው፣ በአቶ ቢሰጥ በረንዳ፣ በሁለት ሺህ አንድ ከመስቀል ወዲህ። ውል ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ናሁሰናይ አዙሮ "ሻጭ፣ ገዥ፣ አንቀጽ አንድ" እያለ ያነበንባል። ናሁሰናይ የልጄ የሰብሊ ባል ነው። እርሻ ቢሮ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው፤ ስለ መኪና የሚያውቀው ግን ተሳፍሮ ማንቀላፋት ብቻ ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። እንደ ናሁሰናይ ከዘራ ነው የሚያዩኝ፤ ይዞኝ የመጣ፣ ይዞኝ የሚመለስ።

ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ለናሁሰናይ ዘረጋለት።

"ገዥዋ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ማለቴ... እማማ፣ አንቱ ፊደል..."

"ፊደል ባልቆጥር ጣት አለኝ። ቀለሙን አምጣ!"

አመጣ። አውራ ጣቴን ነክሬ ወረቀቱ ላይ ደቆስኩት። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

አቶ ቢሰጥ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የቡሬ እህል ነጋዴ ነው፤ ሲስቅም ሲቆጣም ድምፁ አንድ ነው፣ ሦስት ሰፈር ይሰማል። "እትዬ ባንቺአየሁ፣ ለዶሮ ቤት ካልሆነ ይችን ሬሳ ምን ያደርጉላታል? ደግሞ የገደሏትም አንቱ! ረግመዋት አይደል?"

"የገደልኩትን አስነሳለሁ" አልኩት። "አንተስ የገደልከውን ማስነሳት ትችላለህ?"

ስለ ድሮው ሹፌራችን ስለ ክንዱ መናገሬ እንደሆነ ገብቶታል። ሳቁን ዋጠ።

ከመነሻው ልናገር። እኔ እናገራለሁ፣ ሰብሊ ትጽፋለች። ጽፋ ስትጨርስ ታነብልኛለች፤ አንዲት ቃል ያለሰለሰች እንደሆነ አውቃለሁ።

ባሌ ዳኘው ፍኖተ ሰላም ላይ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። እኔም ነበርኩ። ገበሬው ደጅ ገብቼ በርበሬውን በእጄ ጨብጬ፣ ሰብሬ፣ አሽትቼ እርጥቡን ከደረቁ የምለይ እኔ ነበርኩ። ሰው ግን እሱን "ነጋዴው ዳኘው"፣ እኔን "የዳኘው ሚስት" ይለን ነበር። ይሁን። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ፒካፕ ገዛን። ቀለሟ የረጋ ደም የመሰለ ጥቁር ቀይ ነው። ዳኘው ገና ሲያያት "ይችማ የአባቴ ፈረስ ናት" ብሎ ዳማ አላት። ያን ጊዜ መንገዱ ጠጠር ነው። ዳማ ግን ዛሬ በርበሬ ጭና ደምበጫ ትደርሳለች፣ በማግስቱ ገበዝ ማርያም ወጥታ ድንች ይዛ ትመለሳለች።

ጠዋት ጠዋት ዳኘው ኮፈኗን ከፍቶ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለችውን ቢጫ ክዳን ጠምዝዞ አውጥቶ በጣሳ ውሃ ይሞላላታል። ከዚያ ክዳኗን መልሶ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋታል። "ዳማ ጠጣች፤ እንነሳ" ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀኔ የተጀመረው በዚያች ቃል ነው።

በዘጠና ሦስት ዳኘው በአንድ ሳምንት በሽታ ሄደ። አርባው እንደወጣ ዘመዶቹ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። "ሴት በሬ አትጠምድም፣ መኪና አታስተዳድርም። ቤቱ ሳይጎዳ ትሸጥ" አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምመልሰው አላጣም ነበር። ግን ጠጉሬን ተላጭቼ፣ ጥቁር ለብሼ መደብ ላይ ነኝ፤ ምላሴም ከጠጉሬ ጋር የተላጨ መሰለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረጉት። አቶ ቢሰጥ ከቡሬ መጥቶ ገዛት። ሹፌራችንን ክንዱንም አብሮ ቀጠረው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የሠራሁትን ሥራ ስሙ።

አባቴ በሬ ሲሸጥ በሬውን እንጂ ገመዱን ሰጥቶ አያውቅም። ገመዱን ከአንገቱ ይፈታል፣ ይጠቀልላል፣ በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገዱ ከበሬው ጋር ተከትሎ እንዳይሄድ ነው። እኔ ታዲያ ዳማን ከነገመዷ ልሸኛት? ወንዶቹ ቤት ውስጥ ሲዋዋሉ ወጣሁ። ክንዱ ለመንገድ ውሃ ሊሞላላት ኮፈኗን ከፍቶ፣ ቢጫዋን ክዳን ጭቃ መከላከያው ላይ አስቀምጦ፣ ውሃ ሊቀዳ ሄዷል። የዳኘው እጅ በየጠዋቱ የነካው እሷን ነው። አነሳኋት። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። ክዳን ክዳን ነው፤ የቅል ክዳን ቢጠፋ በሌላ ይከደናል አልኩ።

ክንዱ ተመልሶ ፈለገ። ከመኪናዋ ሥር ገባ፣ ሣሩን በእጁ ዳበሰ፣ ኪሱን ሦስት ጊዜ ገለበጠ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። አልተናገርኩም። በመጨረሻ ቀዳዳዋን በጨርቅ ጠቅጥቆ ይዟት ሄደ። ክዳኗን ቤቴ ምሰሶ ላይ በክር አሰርኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከገበያ ነው የሰማሁት። አቶ ቢሰጥ ዳማን ነጭ ቀባት። ወደ አባይ በረሃ ላካት። ስትወርድ ደህና ናት፤ ዳገቱን ወደ ቡሬ ስትወጣ ግን እንደ ተጣደ ማሰሮ ትፈላለች። አንዱ መካኒክ ያያታል፣ ትፈላለች። ሌላው ያያታል፣ ትፈላለች። በመጨረሻ ሞተሯ ተቃጠለና ቆመች። አቶ ቢሰጥ በገበያ ቀን በርበሬ ተራው መሃል ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሌባ! ደህና ደህናውን ዕቃ ሸጠህ አሮጌ የተካህብኝ አንተ ነህ!" አለው ክንዱን። ክንዱ አልተሟገተም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አለመሟገቱ ደግሞ ለሰው ማስረጃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መኪና አምኖ የሚሰጠው ጠፋ። ፈረስ ገዝቶ ፍኖተ ሰላም ላይ ጋሪ መንዳት ጀመረ።

የቀረው ሰው ደግሞ "የባንቺአየሁ እንባ ነው" አለ። ያለ ፈቃዷ ሸጡባት፣ አልቅሳ ረገመቻት አለ። እኔ አልረገምኩም፤ ግን አልረገምኩም አላልኩም። እውነቱን ልናገር አይደል? ደስ አለኝ። ያ ዋርካ ሥር የፈረደብኝ ሽማግሌ ሁሉ ሳልፍ ብድግ ይልልኛል፤ ገበያ ላይ ሚዛን የሚያጎድልብኝ ጠፋ። የተናቀ ሰው ሲፈራ ምን ያህል እንደሚጥመው የተናቀ ያውቀዋል።

ስምንት ዓመት በአህያና በሰው አይሱዙ እየነገድኩ ያችን መኪና አሰብኳት። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በገዛ መኪናዬ፣ ክንዱ እየነዳኝ፣ የገዛ በርበሬዬን ጭኜ ቡሬ ገበያ ልግባ። ሌባ አለመሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ስድስት ዓመት ቤቴ በልቷል፣ አንዲት የተቀጠፈች በርበሬ እንኳ ያለ ፈቃድ አልነካም። ዳማ ከተነሳች ሁለታችንም ተነሳን። ካልተነሳች ደግሞ እሱ ባለ ጋሪ፣ እኔ በሬ የሌላት መሳቂያ ሆነን እንቀራለን።

ከአቶ ቢሰጥ ግቢ ስናወጣት አረሙ መስኮቷ ድረስ ነበር። የፍኖተ ሰላሙ መካኒክ መሐሪ በአይሱዙ ሰንሰለት አስጎትቶ፣ መሪዋን እሱ ይዞ፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ጉዞ ጀመርን። ቡሬን እንደወጣን ከመቀመጫዬ ሥር "ቅቅቅቅ" የሚል ነገር ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ ያቀፈች ዶሮ! ዓይኗን አጉረጥርጣ ታየኛለች፤ ምን ፈለግሽ እቤቴ እንደማለት።

መሐሪ ሳቀ። "አቶ ቢሰጥ መኪና ሲሸጥልን ዶሮ መረቀልን እማማ። ላስቁምና እናውርዳት?"

"ያቀፈችን ዶሮ ከእንቁላሏ ማንሳት ነውር ነው። ትምጣ። ስትፈለፍል እመልስለታለሁ" አልኩ። "እኔ የሰው ነገር አልወስድም።"

ያልኩትን ልብ በሉልኝ።

መሐሪ አፉ ቀልደኛ ነው፣ እጁ ግን የተባረከ። ዳማን በጋራዡ አጋድሞ ብልት ብልቷን አወጣት። ወለሏ በዝገት አልቆ ኖሮ እግር ያሳልፋል፤ አዲስ ላሜራ አስበየደላት። የሞተሯን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ባህር ዳር ልኮ አስላጠው። የበሯን ላሜራ ሲፈታ ግን ማስነጠስ ጀመረ። ሦስት፣ አራት፣ ሰባት ጊዜ። ዓይኑ ደም መሰለ። የዳኘውና የእኔ በርበሬ በየስፌቷ ገብቶ ስምንት ዓመት ተቀምጦ ኖሯል።

"እማማ፣ ይች መኪና ናት ወይስ ወጥ?"

"የእኔ መሆኗን አወቅህ? ቢሰጥ ላይዋን ነጭ ቢቀባ ሆዷን አልቀየረው።"

ነጩን ቀለም የፋቅሁት እኔ ነኝ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በእነዚህ እጆቼ። ስፍቀው ስፍቀው ከሥሩ ዳማው ብቅ ይላል። አላፊ አግዳሚው ይቆምና ያሽሟጥጣል። አንድ ጠጅ የማያልፈው ጎረቤቴ "እትዬ ባንቺ፣ መንጃ ፈቃዱ መቼ ነው?" አለኝ።

"አንተ ከጠጅ ቤት ወጥተህ ቤትህን ማግኘት የቻልክ ዕለት" አልኩት። ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ ይሄድ ጀመር።

ክንዱን ፍለጋ ጋሪ ተራ ሄድኩ። የፈረሱን ልጓም እያስተካከለ አገኘሁት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጠጉሩ ግን ሽበት ጀምሮታል።

"ዳማን ገዛኋት። ና ንዳልኝ።"

"ሰምቻለሁ እትዬ። ደስ ብሎኛል። ግን አልነዳም።"

"ለምን?"

"እሷን ነድቼ ስሜን አጣሁ። ይህ ፈረስ ሌባ ብሎኝ አያውቅም።"

"አንተ ሌባ አይደለህም!"

"አንቱ ያውቃሉ። ሌላ ማን ያውቃል?" የፈረሱን አንገት ዳበሰ። "ደግሞ..." አለና ተወው።

"ደግሞ ምን?"

"ምንም። ፈረሱ ውሃ ጠምቶታል።" ሄደ።

በኅዳር አጋማሽ ዳማ ተገጥማ አለቀች። በሦስተኛው ሙከራ ሞተሯ ተነሳ። ያቺን ድምፅ! እልል አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። መሐሪ ለሙከራ ከከተማው ጫፍ ያለችውን ዳገት ሊያወጣት ይዟት ሄደ። እልልታዬ ጉሮሮዬ ውስጥ ሳይደርቅ ተመለሰ። እንፋሎቷ ከኮፈኗ ሥር እየተግተለተለ ነው።

"አቤት የእንባው ነገር!" አለ አንዱ ከኋላዬ። "ራሷ ረግማ፣ ራሷ ገዝታ!"

ሌላ ጊዜ አፉን አስይዘው ነበር። ያን ቀን ግን ዳኘው በሞተ ሰሞን ያለቀስኩትን ለቅሶ አስታወስኩ። እውነት ረግሜያት ይሆን? ስምንት ዓመት የኮራሁበት ወሬ ዞሮ በሬዎቼን በላብኝ?

መሐሪ እስክትበርድ ጠብቆ ኮፈኗ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ በእጁ ጥቁር ክዳን ይዟል።

"አገኘሁት እማማ። ይህ ክዳን የእሷ አይደለም፣ የሌላ መኪና ነው። አፏ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይጨብጥም። መቼም አረቄ ያወጣሉ?"

"ደምበጫ ተወልጄ አረቄ አላወጣም?"

"የእንስራው አፍ በደንብ ካልተለሰነስ?"

"እንፋሎቱ በጎን ያመልጣል። ውስጡ ያለው ያርራል። አረቄም የለ፣ እንስራም የለ።"

"ይኸው ነው። ይች ምስኪን ስምንት ዓመት ያለ ልስን ተጥዳ ነው የኖረች። ሜዳ ላይ ትችለዋለች፤ ዳገት ሲሆን ውሃዋ በእንፋሎት ያልቅና ትቃጠላለች። መካኒክ ሁሉ ሆዷን ሲበረብር አፏን ያየላት የለም። እኔንም ጨምሮ፣ ለመሳደብ አይቸኩሉ።"

ልሳደብ አልቻልኩም። "የራሷ ክዳን ምን ዓይነት ናት?" አልኩ። እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

"ቢጫ፣ ይህን የምታህል። ከሥሯ ሲጫኑት የሚመለስ ሞላ ያላት።"

ከሥሯ ሞላ ያላት። በየጠዋቱ ከእንቅልፌ ስነሳ ምሰሶዬ ላይ የማያት።

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ክሩን ፈታሁ። ጭስ አጥቁሯታል። መደብ ላይ ቁጭ ብዬ በመዳፌ ይዣት ቆየሁ። እርግማን አልነበረም። የክንዱ ስርቆትም አልነበረም። ደህናውን ዕቃ ከዳማ የወሰደ ሰው ግን በእርግጥ አለ፤ ቢሰጥ ሌባውን ሳተ እንጂ መሰረቁን አልሳተም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። እኔ የራሴን እከክ በክንዱ ላይ ለክኬ፣ ሰው ብድግ ሲልልኝ በኩራት ሳልፍ ኖሬያለሁ።

ወዲያው ታዲያ ንስሐ ገባሁ እንዳልላችሁ። በአመድና በሎሚ ፈተግኳት። ፈተግኳት፣ አዲስ መሰለች። ባህር ዳር አስመጣኋት እላለሁ፤ ክንዱም አይሰማ፣ ቢሰጥም አይሰማ፣ ዳማም ትድናለች። ማን ይጠይቀኛል?

በማግስቱ ጋራዡ ስደርስ ክንዱ ለመሐሪ የብየዳ ጋዝ በጋሪው አምጥቶ እያራገፈ ነው። ልመለስ አልኩ። አልተመለስኩም፤ መመለስ አልወድም።

"ክዳኗን አገኘሁ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ባህር ዳር ያለች ዘመዴ ላከችልኝ።"

"በአንድ ቀን?" አለ መሐሪ።

"ዘመዴ ፈጣን ናት።"

መሐሪ ተቀብሎ አገላበጣት። "ይች እኮ ራሷ ናት! ከሥሯ ደግሞ የተጫረች መስቀል አላት።"

መስቀል? እኔ መስቀል አላየሁም። ስምንት ዓመት ቤቴ ውላ አድራ አላየሁም። ክንዱ የያዘውን አስቀመጠ። መጥቶ ክዳኗን ከመሐሪ እጅ ወሰደ፣ ገለበጣት፣ አውራ ጣቱን በመስቀሏ ላይ አሳለፈ። ከዚያ ጋሪው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

"ጋሼ ዳኘው ናቸው በሚስማር የጫሯት" አለ። "እኔ ፊት ነው የጫሯት።" ወደ እኔ ቀና አለ። "እትዬ፣ እኔ እኮ ይችን ክዳን እስከ ዛሬ ስፈልጋት ነው የኖርኩ።"

እኔ ፈረሱን አየሁ።

"መንገድ ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ ብዬ ነው። ለአቶ ቢሰጥ መናገር ፈራሁ። ቡሬ ገበያ የምትመሳሰል ገዝቼ ከደንኩላት። ስትፈላም፣ ስትቃጠልም ልቤ ያውቅ ነበር፤ ከዚያች ክዳን ወዲህ ነው የታመመች። ሌባ ሲለኝ ያልተሟገትኩት ለዚያ ነው። አልሰረቅሁም። ግን በእኔ እጅ ነው የጠፋች ብዬ..."

አንዳንድ ቃል አለ፣ ከመናገር ዳማን በትከሻ ገፍቶ አባይን መሻገር ይቀላል። ግን ወጣ።

"በአንተ እጅ አልጠፋችም። እኔ ወስጃት ነው። ጭቃ መከላከያው ላይ አስቀምጠሃት ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ። እንደ በሬ ገመድ አስቀረኋት። ስትፈልጋትም ደጄ ላይ ቆሜ አይቼሃለሁ።"

ስድብ ቢመጣ ልቀበል አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት አለመድኩም፣ ማጅራቴን አመመኝ።

"አልጣልኳትም?" አለ ክንዱ።

"አልጣልካትም።"

"ጭቃ መከላከያው ላይ ነበረች?"

"እዚያው ላይ። አንተ እንዳስቀመጥካት።"

ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው ነው፣ ከዚያ በሆዱ፤ ሳቁና እንባው አብረው መጡ። ፈረሱ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ያየዋል። "የገዛ እጄን ስጠረጥር ነው እኮ የኖርኩ!" ይላል፣ እጁን ዘርግቶ እያየ። "ሻይ ስይዝ እንኳ ይወድቅብኛል ብዬ በሁለት እጄ ነው የምይዝ!"

"መካኒክ ሁሉ ሞተር ሲፈታ፣" አለ መሐሪ፣ "በሽታው ምሰሶ ላይ ታስሮ!"

ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ክንዱ ክንዶቼን ይዞ አቆመኝ። ፊቱ ግን መሳቅ ትቶ ነበር።

"አጥፍተውኛል እትዬ።"

"አጥፍቼሃለሁ።"

"ይቅር ብያለሁ። ቢሆንም አቶ ቢሰጥ ሌባ ያለኝ በሰው ፊት ነው።"

"እሱን ለእኔ ተወው።"

ክዳኗን ይዞ ወደ ዳማ ሄደ። ውሃ ሞላላት። ጠምዝዞ ከደነና ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት። "ዳማ ጠጣች" አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

"እንነሳ" አልኩ።

የዚያኑ ሳምንት በርበሬ ጭነን ወደ ገበዝ ማርያም ወጣን። ያን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ መንገዱን አላየሁም፣ የሙቀት መለኪያዋን ቀስት ነው የማየው። ክንዱ "መሃል ላይ ነች እትዬ" ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ "አሁንም መሃል ላይ ነች።" ደጋው ጫፍ ላይ ስንደርስ አስቆምኩት። ወርጄ ኮፈኗን አስከፈትኩ። እንፋሎት የለም። ነፋሱ የገብስ ማሳውን እያስተኛ ያነሳዋል፤ ሞተሯ እንደጠገበች ላም ቀስ ብላ ታንኮራፋለች። ትንፋሼን ከፍኖተ ሰላም ጀምሬ ይዤው ኖሮ እዚያ ለቀቅኩት። ከዳኘው ሞት ወዲህ እንዲያ ተንፍሼ አላውቅም። ክንዱ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በአንድ እጁ ይዞ ይገምጣል።

ከዚያ የቡሬ ገበያ ቀን ደረሰ።

ዳማ በቀይ ቀለሟ፣ ሙሉ በርበሬ ጭና፣ ክንዱ እየነዳት፣ በርበሬ ተራው መሃል ገባች። ሰው መንገድ እየለቀቀ ያያል። "የረገመቻት መኪና! ኧረ ሹፌሩስ ያ አይደለም?" ይባባላል። አቶ ቢሰጥ ከመጋዘኑ ደጃፍ ብድግ አለ። እኔ ጋቢና ውስጥ ቆይቼ ቅርጫቴን ይዤ ወረድኩ፤ ቢሰጥ ያን ጊዜ ክንዱን ሌባ ካለበት ድንጋይ አጠገብ ቆምኩ።

"የቡሬ ሰው ስማኝ!" አልኩ። "ይችን መኪና አልረገምኳትም። ሰርቄያት ነው። የራዲያተሯን ክዳን ለገድ ብዬ ቤቴ አስቀረሁ፤ ያለ ራሷ ክዳን ነው ስትቃጠል የኖረች። ክንዱ የነካው ነገር የለም። የደበቀው የእኔን ሌብነት ነው፣ እሱም ሳያውቅ።"

አንዲት በርበሬ ሻጭ ሳቅ አመለጣት፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። "ለክዳን ነው እንዴ ስንፈራዎ የኖርን!" አለኝ አንድ ሽማግሌ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልፍ የሚነሳልኝ የለም። ሚዛን ማጉደልም ይጀምሩ ይሆናል። ይሞክሩኛ! ግን ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ወርዶልኛል፤ ስምንት ዓመት የለመድኩት ክብደት ስለነበር ሲወርድልኝ ነው ክብደቱን ያወቅሁት።

አቶ ቢሰጥ ተጠጋኝ። ያ ጩኸታም ድምፁ በሹክሹክታ ወጣ። "እንግዲህ እትዬ፣ ያለፈ ነገር ነው። ክንዱ ማታ እቤት ይምጣና አንድ ሁለት እያልን እንነጋገራለን። ሰው ፊት ምን ያደርጋል?"

ቅርጫቱን እግሩ ሥር አስቀመጥኩና ክዳኑን አነሳሁ። ዶሮዋ አንገቷን አወጣች፤ ሰባት ጫጩት ከሥሯ ተንጫጫ።

"ዶሮህ ናት" አልኩት። "ሳናውቅ ይዘናት ሄድን። ስናውቅ ደግሞ ከነልጆቿ መለስናት፤ በገበያ መሃል፣ ሰው እያየ። የሰው ነገር እንዲህ ነው የሚመለስ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይኸው ስምንት ዓመት አደረ፣ ራሱ አልጠራም። እኔ አሳስቼህ የክንዱን ስም ወሰድክ፤ የእኔን ድርሻ እኔ ተናግሬያለሁ። የቀረው የአንተ ነው። ማታ እቤትህ፣ በጆሮው፣ በብርሌ ሥር አይደለም። ሌባ ያልከው እዚች ድንጋይ ላይ ቆመህ ነው። ውጣባት። ድምፅህን አውቀዋለሁ፣ ሦስት ሰፈር ይሰማል፤ እንዳትቆጥበው። 'ክንዱ ሌባ አይደለም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ' በል፤ ጋሪ ተራ ያለውም ሰው ይስማው። በል ውጣ፣ ቆመን እየጠበቅንህ ነው!"